በባሕር ዳር ሰፈሮች የፎቶ ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ሲባል ሁሉም የሚያውቃቸው ፎቶዎች አሉ። ዘንባባው፣ ጣና ላይ የምትጠልቀው ጀንበር፣ ጢስ አባይ። እኛ የምንሄደው ወደ ሌላው ባሕር ዳር ነው። ከጊዮርጊስ ጀርባ ባሉት ቅያሶች፣ ወደ ሽምብጥ፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ አባይ ማዶ። በትንሽ ቡድን፣ በእግር፣ ካሜራ ይዘን። ከመምጣታችሁ በፊት ደጋግማችሁ የምትጠይቁንን እዚህ ሰብስበነዋል።

ጉዞው እንዴት ያለ ነው?

3 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የእግር መንገድ ነው። ርቀቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ዳገት አያደክማችሁም። ብስክሌት የለመደ እግር ያላት ከተማ ናት፤ በእግር ደግሞ የበለጠ ትታያለች።

በአንድ ጊዜ ከ6 ሰው በላይ አንወስድም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠባብ ቅያስ ውስጥ 15 ሰው ካሜራ ይዞ ሲገባ ፍተሻ የመጣ ይመስላል። በር ይዘጋል፣ ልጆች ይሮጣሉ፣ የሚነሳ ነገር አይኖርም።

ሁለት ሰዎች ይመሯችኋል። አንዱ ፎቶ አንሺ ነው። ሌላው እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው። ዋናው ይሄ ሁለተኛው ነው። እሱ ሲያልፍ ከየደጃፉ “እናትህ ተሻላት?” የሚል ድምፅ ይመጣል። ቆሞ ይመልሳል። እኛም አብረነው እንቆማለን። ቸኩላችሁ ከሆነ ይሄ ጉዞ አይመቻችሁም።

ጣና እያለላችሁ ለምን ሰፈር ውስጥ?

ጣናን ማንም አይጠግበውም፤ እኛም አንጠግበውም። የከተማዋ ዕድሜ የሚነበበው ግን ሰፈር ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የነበረው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበ መንደር ነው። በግቢው ውስጥ ያለው ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ስሙ ይነሳል። ከዚያ ብዙ ዘመን ዘለን 1950ዎቹ ላይ እንደርሳለን። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ፣ ሰው “ፖሊ” የሚለው፣ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ጀርመናውያን ባለሙያዎች የከተማዋን ፕላን ነደፉ። ሰው ለሥራና ለትምህርት ከየወረዳው እየመጣ ሰፈረ። ዛሬ ደስ ብሎን የምንሄድባቸው ሰፋፊ መንገዶች የዚያን ዘመን ሐሳብ ይዘዋል።

ከሰፊው አስፋልት ወደ ውስጥ 50 እርምጃ ግቡ። ሌላ ከተማ ነው። የጭቃ ቤት፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ደጅ ላይ የተሰጣ ጌሾ። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ጠላ አለ ማለት ነው። ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

አባይ ማዶ ደግሞ ለብቻው ይወራል። ከጥንት ጀምሮ አባይ የጎጃምና የበጌምድር ወሰን ነበር። እንግዲህ ድልድዩን ስትሻገሩ በድሮው አነጋገር ከጎጃም ወጣችሁ ማለት ነው። ስሙን ልብ በሉት። “ማዶ” ያለው ሰው ከዚህኛው ዳር ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኛ በጉዟችን ማዶ ቆመን ወደዚህ እናያለን። ብዙ የባሕር ዳር ልጅ ከተማውን ከዚያ በኩል አይቶት አያውቅም።

ትልቅ ካሜራ የለኝም። በስልክ ይሆናል?

ይሆናል። እንዲያውም ጠባብ ቤት ውስጥ ስልክ ይሻላል፤ ሰው አያስደነግጥም። ከመነሳታችን በፊት የስልካችሁን ሌንስ አጽዱ። ከኪስ የወጣ ስልክ ሁልጊዜ ቅባት አለበት። ፎቶው የደበዘዘባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንንገራችሁ፤ በየጉዞው የሚያጋጥም ነው። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ስታነሱ ካሜራው ነጩን አይቶ ይደነግጥና ሁሉን ነገር ያጨልማል። ፊቷ ይጠቁራል። ስልክ ከሆነ ፊቷ ላይ ንኩት፤ ብርሃኑን ከዚያ ይለካል። ከዚያ የነጠላውን ጥለት ተመልከቱ። ጥለቱ ነጭ ውስጥ ሰምጦ ከጠፋ ብርሃኑን አበዛችሁት፤ ትንሽ ቀንሱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደጃፍ ላይ፣ ከጣሪያው ጥላ ውስጥ እንድትቀመጥ መጠየቅ ነው። ብርሃኑ ከውጭ ለስልሶ ይገባል። ፊትም ነጠላም ሳይጎዳ ይወጣል።

ትልቅ ካሜራ ያላችሁ፣ አንድ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ ኑ። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከሩቅ የሚጎትተውን ረጅሙን ሌንስ ቤት ተዉት። ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት እዚህ አይፈቀድም።

የትኛው ሰዓትና ወቅት ይሻላል?

ሁለት መነሻ አለን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 10 ሰዓት። ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት አለፍ ብላ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ውስጥ ትወጣለች። ጠዋት የቤት ጭስ ከየቆርቆሮው ሥር ሲወጣና የጀንበር ብርሃን ሲያገኘው ማየት አለባችሁ። ቀትር ላይ አንወጣም። የቆርቆሮ ጣሪያ ያንጸባርቃል፣ የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱም አይቻልም።

ስለ ባሕሩ አንድ ነገር። ጣና ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ስለዚህ ፊታችሁን ወደ ውሃው ስታዞሩ የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ከጀርባችሁ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በዚያ ወቅት ዳር ላይ የሚነሱ ፎቶዎች ለምን እንደተለወጡ ግራ የሚገባችሁ ለዚህ ነው።

ወቅት ካላችሁን መስከረም እንላለን። ሰማዩ ታጥቧል፣ አደይ በየአጥሩ ሥር አለ፣ አቧራ የለም። ክረምትም አይጠላም። ጭቃ አለው፤ የደመና ብርሃን ግን ለፊት ይስማማል።

ገበያ የምትወዱ ቅዳሜን ምረጡ። የገጠሩ ሰው ይመጣል። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ትከሻ ላይ የተጋደመ ዱላ። ጉልቱ ላይ ደግሞ ቃሪያና ሽንኩርት በመደብ በመደብ ተሰድሮ። አንዲት ሴት መደቧን ስታስተካክል ቆማችሁ ተመልከቱ። አንዱን ሽንኩርት አንስታ፣ ልጣጩን በአውራ ጣቷ ጠርጋ፣ ቀዩን ጎን ወደ ገዢው አዙራ ታስቀምጣለች። ይሄን ካያችሁ በኋላ ሙሉ መደብ ግዙ፣ ከዚያ ፎቶ ጠይቁ።

ሰው ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል። ግን መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ወሬ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ካሜራ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። “እማማ፣ እንዴት አደሩ?” ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ “ግባ፣ ቡና ደርሷል” ይባላል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። “እግዜር ይስጥልኝ” ብለን እናልፋለን። ከኛ አንድም ሰው ዞር ብሎ “ቆይ አንዴ” አይልም።

ይሄን ሥርዓት ያወጣነው ቁጭ ብለን አይደለም። ያስተማረችን አንዲት እናት ናት። መጀመሪያ አካባቢ፣ ከጭቃ ቤቷ ፊት ቆማ አነሳኋት። ፈቅዳልኛለች። እኔ የወደድኩት ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ነበር። ምርጊቱ ረግፎ ጭድና እንጨቱ ይታያል፤ የጠዋት ብርሃን በጎን መቶት እያንዳንዱ ስንጥቅ ቁልጭ ብሏል። አሳትሜ ይዤላት ሄድኩ። ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ብዙ አየችው። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። “ለፋሲካ ላስመርገው ነበር እኮ” አለችኝ። “ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?”

አፈርኩ። እኔ ውበት ያልኩት ለሷ ገመናዋ ነው። ከፋሲካ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ግድግዳው አዲስ ተመርጓል፣ ሥሩ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀችኝ። ያ ፎቶ አሁን ቤቷ ውስጥ ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን ለማንም አላሳየሁም፤ አላሳይምም።

ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት “የት ልቁም?” የሚለውን ለሰውየው ተዉለት። ልብስ ልቀይር ካለ ጠብቁት። ልጄ ከትምህርት ቤት ይምጣና አብረን እንነሳ ካለች ሌላ ቀን እንመጣለን። አንዳንድ ፎቶ አንሺ “ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል” ይለናል። አይጠፋም። ሰው ራሱን እንዴት ማሳየት እንደሚፈልግ ማየት ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ሰውየው ታዋቂ ሲሆን ወይም ነገሩ በአደባባይ የተደረገ ሲሆን፣ ለምሳሌ። በረንዳዋ ላይ ቡና የምትቆላ እናት ግን አደባባይ ላይ አይደለችም።

ልጆችስ?

ልጆች “አንሳኝ፣ አንሳኝ” ብለው ይከቧችኋል። ደስ ይላል። ሆኖም የልጁ “እሺ” አይበቃም። እናት፣ አያት ወይም ታላቅ ወንድም መፍቀድ አለበት። አስጎብኚያችን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁት።

አራስ ቤት ከገባን ካሜራ አናወጣም። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ያልሞላት፣ ይሸፈናል። ዓይን ያገኘዋል ተብሎ ይፈራል። እናንተ ባታምኑበትም እናቲቱ ታምናለች። ያ ይበቃል።

ጠዋት ላይ የቆሎ ተማሪዎች ልታገኙ ትችላላችሁ። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ፣ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያሉ በየደጁ የሚቆሙ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ከእናታቸው ርቀው ለትምህርት የመጡ ናቸው። ለሥዕል አይቆሙም። ቁራሽ ካላችሁ ስጡ። ፎቶ ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን የኔታን ሄዶ ማስፈቀድ ይቻላል፤ እኛ እናገናኛችኋለን።

ታንኳ ሲሠራ ማየት እችላለሁ?

ሠሪዎቹ ሥራ ላይ ካሉ፣ አዎ። ለጎብኚ ብለው አይሠሩም፤ እኛም እንዲያ እንዲሆን አንፈልግም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከባሕሩ ዳር ታጭዶ ይደርቃል። ከዚያ እየታሰረ ይነባበራል። አንድ እግር ደንገሉን ይረግጣል፣ ሁለት እጅ ገመዱን ይስባል፣ ደንገሉ ሲጠብቅ ይንቋቋል። ፎቶው ያለው እዚያ ነው፤ እግሩና ገመዱ መካከል። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከባሕር ሲመለስ ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ዳር ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ታንኳዎች ስታዩ ልብስ እንደተሰጣ ቁጠሩት።

ይሄን ጥበብ ለዘመናት የያዙት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በድሮው የጉማሬ አደን፣ በወፍጮ ድንጋይ፣ በስፌትም ይታወቃሉ። ብዙ መገለል ደርሶባቸዋል፤ እስከ ዛሬም ያልተወው አለ። “ወይጦ” የሚለው ቃል ብቻውን ሲጠራ ብዙ ጊዜ በንቀት ስለሆነ ነገደ ወይጦ በሉ። ሙዳይ ወይም መሶብ ከወደዳችሁ በተጠየቃችሁት ዋጋ ግዙ። እዚያ ቦታ መከራከር ደስ አይለንም።

የማይነሳ ነገር አለ?

አለ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላ፣ የመንግሥት ጥበቃ ያለበት ግቢ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት። ድልድዩም ላይ ጥበቃ ስላለ ሳናስፈቅድ ካሜራ አናወጣም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በእግር መሻገሩ ብቻውን ደስ ይላል። እጃችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ ተሻገሩ።

ድሮን ይዛችሁ አትምጡ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ፣ መስጊድ ሶላት ላይ፣ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አናነሳም። ልቅሶ ካጋጠመን ካሜራውን ቦርሳ ከትተን እንቀመጣለን። አስጎብኚው የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ እናንተም ከሱ ጋር ናችሁ።

ለሚነሳው ሰው ገንዘብ ልስጥ?

እባካችሁ አትስጡ። አንዴ 50 ብር የሰጠ ሰው ካለፈ በኋላ የሚቀጥለው ጎረቤት ፊቱን መሸጥ ይጀምራል፤ ሰላምታውም ይቀራል። በምትኩ ፎቶውን አሳትመን እንመልሳለን። የማሳተሚያው ወጪ ከከፈላችሁት ውስጥ ነው። ከጉዞው በኋላ እያንዳንዳችሁ የምትመልሱትን ፎቶ ትመርጣላችሁ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ እጃቸው ይገባል። ቡና ያፈላችልን ቤት ደግሞ የቡናዋን እኛ እንከፍላለን። ያ የፎቶ ክፍያ አይደለም፤ የቡና ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ በስልክ የተነሳ 1000 ፎቶ አለ፤ ግድግዳ ላይ ግን አንድም የለም። ስልኩ ሲሰበር ሁሉም ይሄዳል። የታተመች አንዲት ፎቶ ምን ያህል እንደምትከበር ስትመልሱ ታዩታላችሁ።

ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ?

ምቹ ጫማ፣ ውሃ፣ ኮፍያ። ጉልበትና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ። ቤት ስለምንገባ ጫማችሁ ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ይመረጣል። ማታ ላይ ትንኝ አለ፤ እጅጌ ረጅም ይሁን።

ለጥሩ ማዕዘን ብላችሁ ውሃው ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። አባይ ከባሕሩ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ይኖራል። ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል። አስጎብኚው “ይብቃን” ሲል ይብቃን።

የጸጥታው ነገርስ?

በግልጽ እንናገር። ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከዋዜማው ጀምሮ ከየሰፈሩ ሰው ጋር እንነጋገራለን። መንገድ ከተዘጋ ወይም ሰዓት እላፊ ከታወጀ እንሰርዛለን፤ ገንዘባችሁ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ጠዋት ደርሳችሁ “ዛሬ አይሆንም” ልንላችሁ እንችላለን። አትቀየሙን። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።

ፎቶዬን ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ልለጥፍ?

ሰው የሌለበትን እንደፈለጋችሁ። ሰው ያለበትን፣ ስታነሱት “እለጥፈዋለሁ” ብላችሁ ከነገራችሁትና ከተስማማ ብቻ። መነሳትና መለጠፍ ሁለት ፈቃድ ናቸው። ከሥሩ የምትጽፉትም ይታሰብበት። “ድህነት” ብላችሁ የጻፋችሁበትን ፎቶ ሴትዮዋ በጎረቤቷ ልጅ ስልክ ታየዋለች። እንዲህ ሆኖ ያውቃል። ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን በሩን የከፈተልን የለም፤ እስከ ዛሬ በዚያ ቅያስ አናልፍም።

እኔም የሰፈር ልጅ ነኝ። ሰፈሬን ላስጎበኝ?

በጣም ደስ ይለናል። ካሜራ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። መጀመሪያ ከኛ ጋር ሁለት ጊዜ ካሜራ ሳንይዝ በሰፈራችሁ እንዞራለን። ማን ቤት ቡና አለ፣ ማን ታሟል፣ የትኛው በር አይነካም፣ ጠዋት ብርሃን የት ይገባል። ከዚያ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አብረን እናነጋግራለን። እነሱ እሺ ካሉ መንገዱን ታወጣላችሁ። ካላሉ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ ደግመን እንጠይቃቸዋለን። ሽምብጥ የጀመርነው በሁለተኛው ጥያቄ ነው።